ከብስክሌት ነው የወደቅኩት

ሰው ሲጮህ ሰምቶ ማለፍ ምን እንደሚመስል፣ በዚያ ዘመን የነበራችሁ ሁሉ ከአላፊው ወገን ሆናችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ያወቅኩት ከጯሂው ወገን ሆኜ ነው። ከአዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከካራ በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሐል፣ አንድ ቦረቦር ውስጥ ወድቄ ስጣራ ሰዎች ድምፄን እየሰሙ እርምጃቸውን ሲያፈጥኑ አዳምጫለሁ። ክፉዎች አልነበሩም። ይህንንም ለመናገር ነው ብዕር ያነሳሁት።

ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን አዲስ አበባ፣ ሲግናል ሰፈር ሲሆን ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖር ነበር። በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ጥገና ክፍል ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ሥራህ ምንድነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ግን መልሴ «ብስክሌት» ነበር። የክለብ ተወዳዳሪ ነበርኩ። አጥንቴ የሚቆጠር ቀጫጫ ስለሆንኩ እናቴ «አንተ ልጅ፣ ንፋስ ሲነሳ ኪስህ ውስጥ ድንጋይ ጨምር» እያለች ትስቅብኛለች። አሰልጣኛችን ደግሞ «ለዳገት የተፈጠረ ሰውነት» ይለዋል።

አሰልጣኛችን ብስክሌት የተማረው አስመራ ነው። ልምምድ ጨርሰን ሳር ላይ ስንዘረጋ በጣሊያን አገር ስለሚደረጉ ውድድሮች ያወራልናል። መንገዱ ግራና ቀኙ የወይን ተክል ነው፣ ከታች ሐይቅ ያንጸባርቃል፣ ከፊት ተራራ ይጠብቅሃል ይለናል። እኛም በኩራት «ሐይቁ ደብረ ዘይት አለልን፣ ተራራው እንጦጦ አለልን፣ የጎደለን ወይኑ ብቻ ነው» እንለዋለን። በዚያ ዓመት በደብረ ዘይት በኩል አድርጎ ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚወርድ ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። ለእሱ ከሚመረጡት አንዱ ለመሆን ጥቂት ነበር የቀረኝ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም ብል ማጋነን አይሆንም።

ዘመኑ ግን ቀይ ሽብር የተፋፋመበት ነበር። ጠዋት ከቤት የወጣ ሰው አስፋልት ዳር የወደቀ ሬሳ ሊያይ ይችላል፤ ካየም ዓይኑን ሰብሮ ያልፋል። እናቴ ከቤት ስወጣ ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ነበር። «ያየኸውን አላየሁም በል፣ የሰማኸውን አልሰማሁም በል።» እኔም ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ በኃይል እረግጣለሁ። በዚያ ፍጥነት ሁሉም ነገር ቶሎ ከኋላ ይቀራል።

አንድ እሑድ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ከሄደች በኋላ ለብቻዬ ለልምምድ ወጣሁ። መታወቂያዬን ላብ እንዳያበሰብስብኝ እቤት ትቼዋለሁ። በመገናኛ አድርጌ፣ ኮተቤን አልፌ፣ ካራ ስደርስ ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ታጥፌ ወደ ተራራው የሚወጣውን የጠጠር መንገድ ያዝኩ። ይህ መንገድ ከእንጦጦ ጋር በተያያዙት ኮረብቶች ጀርባ፣ በባሕር ዛፉ መሐል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ዳገቱ ላይ ጭኔ እስኪነድ ረግጬ አናቱ ላይ ወጣሁ፤ ትንሽ አረፍ አልኩና ቁልቁለቱን ጀመርኩ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አንዱን ጠምዛዛ ስታጠፍ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ሽቅብ ሲመጣ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ፍሬን ያዝኩ። ጠጠሩ ላይ ጎማው ከዳኝ። ሰማይ፣ ቅጠል፣ አፈር፣ እንደገና ሰማይ አየሁና በጀርባዬ ጭቃ ውስጥ ተቀበርኩ። ብስክሌቴ ከእኔ አልፎ እየተንኳኳ ወደ ታች ሲወርድ ሰማሁት።

ከላይ መኪናው ቆመ። ሞተሩ ሳይጠፋ በር ተከፈተ።

«ምንድነው?» አለ አንድ ድምፅ።

«የሆነ ነገር ከፊቴ ያለፈ መሰለኝ።»

«ሚዳቋ ይሆናል። ግባና እንሂድ።»

«አድኑኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ግን ጭቃ በያዘ እጄ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። በዚያ ዘመን ሸራ የለበሰ መኪና በማለዳ ወደ ጫካ ለምን እንደሚወጣ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አልነበረም። በሩ ተዘጋ፤ መኪናው እያቃሰተ ሽቅብ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ሲወርድ ድምፁ ቀለል ብሎ ነበር። አሁንም ትንፋሼን ዋጥኩ።

ጸጥ ሲል ራሴን መመርመር ጀመርኩ። የግራ እግሬ ከጉልበቴ በታች መሄድ በማይገባው አቅጣጫ ተጣሟል። ለመነሳት ስሞክር ዓይኔ ጨለመብኝ። የወደቅኩበት ቦረቦር ጎርፍ ለዓመታት የፈለፈለው ጠባብ ጉድጓድ ነው፤ ግድግዳው ቀይ ሸክላ ነው፣ ከቁመቴ በላይ ነው። በክርኔ እየተሳብኩ ግድግዳውን ቧጠጥኩ። ሸክላው እየተናደ ከነጥፍሬ መለሰኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ። በመጨረሻ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ተቀመጥኩና ሰው እስኪያልፍ ለመጠበቅ ወሰንኩ። ከላይ የእግር መንገድ እንዳለ አውቃለሁ፤ እንጨት ለቃሚዎች ይመላለሱበታል። ሰው ካለፈ ተረፍኩ ማለት ነው ብዬ ነበር።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል የሴቶች ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ናቸው፤ ከባድ ሸክም እንደተሸከመ ሰው ያለከልካሉ።

«እባካችሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ሰው ነኝ! ወድቄ ነው!»

ኮቴው ቀጥ አለ።

«ሰማሽ?» አለች አንደኛዋ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ። ምንም አልሰማሁም።»

«ሰው ነው እኮ።»

«መኪናው ሲወርድ አላየሽም? ሳይሞት ቀርቶ ነው። ነይ እንሂድ፣ እኛንም ይጨምሩናል!»

የእንጨት ሸክም መሬት ላይ ዷ ብሎ ሲወድቅ፣ ቀጥሎም ሩጫ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እነሱ ከመኪናው ላይ የተጣልኩ መስሏቸዋል። ገድለው ከጣሏቸው ሰዎች መሐል አንዱ ሳይሞት ቀርቶ የሚያቃስት መስሏቸዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ያነሳ ምን እንደሚደርስበት ማንም ያውቃል።

«ከብስክሌት ነው የወደቅኩት!» ብዬ ከኋላቸው ጮህኩ። «ከብስክሌት!»

ቃሉ ለራሴም ጆሮ ተረት መሰለኝ።

ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማንም አልመጣም። ጥማቱ ከሕመሙ ባሰብኝ። ቀትር ላይ የአህያ ኮቴ ሰማሁና ጉሮሮዬ እስኪቃጠል ተጣራሁ። አህያዋ ቆመች። ጥቂት አፈር ከላይ ተንኮታኩቶ ወረደና ነጠላ የተከናነበ፣ ፂሙ የሸበተ የገበሬ ፊት ጎንበስ ብሎ አየኝ። ደስታዬ እንባ ሆኖ መጣ።

«አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት፣ ያውጡኝ!»

«ማን ጣለህ?» አሉኝ።

«ማንም አልጣለኝ። ከብስክሌት ነው የወደቅኩት።»

ቦረቦሩን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ቃኙት። «ብስክሌቱስ የታል?»

በጣቴ ወደ ታች አመለከትኩ። እዚያ ግን ቁጥቋጦ እንጂ ብስክሌት አይታይም።

«እዚህ አቀበት ላይ በብስክሌት ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ለልምምድ ነው። ለውድድር።»

«ወጥተህ ምን ታመጣለህ?»

«ምንም። ወጥቼ እወርዳለሁ።»

ሽማግሌው አተኩረው አዩኝ። በዓይናቸው ውስጥ ያየሁት ጭካኔ አልነበረም። ቢጠሉኝ ይቀለኝ ነበር።

«ልጄ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ልጆች አሉኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ያውቁኛል። አንተም አላየኸኝም፣ እኔም አላየሁህም።» ከወገባቸው በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ ፈተው ወረወሩልኝ። «እግዚአብሔር ሌላ ሰው ይላክልህ» ብለው ሄዱ።

ቆሎውን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አንዲት ፍሬ እንኳ መዋጥ አልቻልኩም። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ምሳ አቅርባ፣ በሩን እያየች ትጠብቀኛለች። ማታ ላይ መፈለግ ትጀምራለች። የት ሄዳ ትፈልገኛለች? በዚያን ጊዜ ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰ ልጅን እናቱ የምትፈልግባቸው ቦታዎች የታወቁ ነበሩ፤ ከእነዚያ በአንዱም እኔ የለሁም።

ከሰዓት በኋላ በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፣ ነጎድጓድም ተከተለ። ከሰሞኑ የበልጉ ዝናብ ቀን ቀን እየጠበቀ ይመጣ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ግንባሬ ላይ ሲያርፉ አፌን ከፍቼ ጠጣሁ፤ ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቀዘቀዝኩ። የተቀመጥኩት ጎርፍ የሚሄድበት መንገድ ላይ ነው።

እንደገና መቧጠጥ ጀመርኩ። ሸክላው ረጥቦ እንደ ሳሙና ሆኗል። በዚህ መሐል ከላይ ጭራሮ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

«ማነው?» አልኩ።

መንኮሻኮሹ አልቆመም።

«እባክዎት! እንዳሉ ሰምቻለሁ!»

«ሸክሜን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ የሴት ድምፅ፣ ቁጣ በተቀላቀለበት አነጋገር። «አንተን ብዬ አይደለም። ዝናብ ሳይመታው ልወስድ ነው።»

ጠዋት ከሸሹት ከሁለቱ አንዷ ናት። በድንጋጤ ጥላው የሄደችውን እንጨት ለመውሰድ ተመልሳ መጥታለች።

«ይውሰዱ። ግን ውሃው ሊመጣ ነው፤ እግሬ ተሰብሯል።»

ዝናቡ ቅጠሉ ላይ መንጫጫት ጀምሯል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ሻሽ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች ሴት ከጫፉ ላይ ታየች። በእጇ ማጭድ ይዛለች።

«ስምህ ማነው?»

«ደረጀ።»

«ደረጀ፣ ጫማህን አውልቅ።»

«ምን?»

«ጫማህን አውልቅና ውስጥ እግርህን አሳየኝ።»

ለምን እንዳለችኝ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም። ሰው ዘቅዝቀው ሰቅለው ውስጥ እግሩን የሚገርፉበት ዘመን ነው። ከእስር ቤት የመጣ ሰው ምንም ቢል እግሩ ይመሰክርበታል። የደህና እግሬን ጫማና ካልሲ አወለቅኩና ወደ ላይ አነሳሁላት። አንገቷን አስግጋ አየች። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ምንም ያልነካው እግር ነበር።

«ባትህን ደግሞ ማን ላጨው?» አለች።

«ራሴ ነኝ። ብስክሌት ተወዳዳሪዎች እንላጫለን።»

ፊቷ ላይ ሳቅ ሊመጣ ብሎ የተመለሰ መሰለኝ። «እግዜር ያሳይህ፣ ወንድ ልጅ እግሩን…» አለችና ተሰወረች። ሄደች ብዬ ልቤ ሲሰበር ከታች በኩል፣ ቦረቦሩ ከሚጠብበት አቅጣጫ፣ ቁጥቋጦውን በማጭድ እያጨደች መጣች።

«ብስክሌትህ እውነት ነው፤ እዚያ ታች ተጣጥፎ ወድቋል» አለች። «ከዚያ ወደ ታች ግድግዳው ዝቅ ይላል። በዚያ እናወጣሃለን።»

«እናወጣሃለን? ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

«እኔና እግዚአብሔር። ከዚህ ሸክም የከበደ እንጨት ተሸክሜ አውቃለሁ። ዝም በልና አንገቴን ያዝ።»

የእንጨት ገመዷን ከመቀመጫዬ ሥር አሳልፋ፣ በትከሻዎቿ ላይ መልሳ፣ ደረቷ ላይ ቋጠረችው። ስትነሳ የተሰበረው እግሬ ተወዛወዘና እሪ አልኩ። «ጩህ፣ ምንም አይደል፤ አሁን ጩኸትህን ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ወደ ታች ስንሄድ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን መንካት ጀምሮ ነበር። ብስክሌቴ ጋ ስንደርስ የፊተኛው ጎማ ከሚይዘው ብረት፣ ከፎርኬታው፣ ተላቆ፣ የጎማው ክብ ብረት ቸርኬው እንደ ስምንት ቁጥር ተጣሟል።

«ብስክሌቱን…» አልኩ።

«አብደሃል?» አለች። ሁለት እርምጃ ሄደችና ግን ቆመች። «ጎማውን ብቻ አንሳና ክንድህ ላይ አንጠልጥለው። አፍህን አያምኑህም፣ ብረቱን ሊያምኑ ይችላሉ።»

ከቦረቦሩ ወጥተን የጠጠር መንገዱ ላይ ስንደርስ ከኋላችን ውሃው ሲጮህ ሰማን። ሁለታችንም ዞር ብለን አላየንም። የእሷ የእንጨት ሸክም እዚያው ዝናብ ሲመታው ቀረ።

ከዚያ እስከ ካራ ኬላ ያለውን መንገድ እኔ በብስክሌት ሁለት ዘፈን ሳላፏጭ የምወርደው ነበር። እሷ በየጥቂቱ ጀርባዋን ለድንጋይ ሰጥታ እያረፈች፣ እያቃሰተች፣ አንዳንዴም «ቀጫጫ ነህ ስልህ ከበድክ» እያለች ወረደችው። በአንዱ እረፍት ላይ ትንፋሿን እየሰበሰበች ጠየቀችኝ።

«መኪናው ነው አይደል ያስወደቀህ?»

«አዎ።»

«አይደለም» አለች በቁጣ። «ኬላው ላይ መኪና አላየህም። ጨርሶ አላየህም። ገባህ? መኪና ያየ ሰው የጫነውንም አይቷል ይሉታል።»

ኬላው የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ትንሽ ቤትና መንገዱን የሚዘጋ አጣና ነው። መሣሪያ የያዘ ወጣት ጠባቂ ከሩቅ አየንና «ቁሚ! ምንድነው የተሸከምሽው?» ብሎ ጮኸ።

«ሰው ነው፣ አታይም?» አለች።

በረንዳው ላይ አወረደችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ወጣቱ ከላይ እስከ ታች ካየኝ በኋላ ፊቱ ተለዋወጠ። «ጓድ ኃላፊ! ከላይ የተጣለ ነው! ሳይሞት የተረፈ ነው!» ብሎ መሣሪያውን አቀባበለ።

ከቤቱ ውስጥ ካኪ ኮት የደረበ፣ ጠጉሩ ገባ ያለ ሰው ወጣ። ድምፁ የተረጋጋ መሆኑ ይበልጥ አስፈራኝ።

«መታወቂያ።»

«እቤት ነው ጓድ። ብስክሌት ተወዳዳሪ ነኝ፤ በልምምድ ላይ ወድቄ ነው።»

ጎማውን ከክንዴ ወሰደና አገላብጦ አየው። የተጣመመውን ቸርኬ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ጭቃውን ጠረገ።

«በምን ምክንያት ወደቅክ?»

«ፍሬኑ ተበጥሶ።»

«መኪና አላጋጠመህም?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከጎኔ የሴትዮዋ ትንፋሽ ሲቆም ተሰማኝ።

«አላጋጠመኝም።»

«ሽቅብ የሚሄድ፣ ሸራ የለበሰ?»

«ጓድ፣ ቁልቁለት ላይ ከፊት ጎማዬ በቀር የማየው ነገር የለም።»

ትክ ብሎ አየኝ። እንደዋሸሁ አውቋል። እንዳወቀም አውቄያለሁ። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞሮ «ሰማህ? ፍሬን ነው» አለው። እፎይታውን ከእኔ ይልቅ በእሱ ፊት ላይ አየሁት። እሱም ማወቅ የማይፈልገው ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ።

ወጣቱ ግን አልተወም። «ይቺስ? ማጭድና ገመድ ይዛ ጫካ ውስጥ ምን ትሠራለች? ትናንት በዛፍ ቆረጣ ስንቱን ይዘን አሠርን!»

የእሷ ፊት አመድ መሰለ። እስካሁን ለእኔ ስትፈራ እንጂ ለራሷ ስትፈራ አላየኋትም ነበር። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«አክስቴ ናት። ስዘገይባት ልትፈልገኝ ወጥታ ነው።»

«በማጭድ?» አለ ወጣቱ። «እሺ፣ የአክስትህ ስም ማነው?»

ቀኑን ሙሉ ከተዘጉብኝ በሮች ሁሉ ይሄኛው የመጨረሻው ነበር። እሷ ስሜን ጠይቃኛለች፤ እኔ ግን ስሟን አልጠየቅኳትም። አንዱን ስም ልገምት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ምን ስም ይጠራል! ልጅ የአክስቱን ስም ይጠራል እንዴ? እትዬ ነው የሚለኝ!»

«እሱን ነው የጠየቅኩት!»

«እትዬ ነው የምላት» አልኩ።

«እትዬ ማን?»

ኃላፊው ጎማውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ስማ፣» አለው ወጣቱን፣ «አንተ አክስት አለህ?»

«አለችኝ።»

«ምን ብለህ ነው የምትጠራት?»

ወጣቱ አፈረ። «እታባባ» አለ ቀስ ብሎ።

«እታባባ ማን?»

ኃላፊው ማጭዱን ከእጇ ወሰደ። ገመዱንም አነሳ፤ አየት አደረጋትና ገመዱን መልሶ ጭኗ ላይ ጣለላት። ከሰንዳፋ በኩል እህል ጭኖ የመጣ መኪና ኬላው ላይ ቆሞ ነበርና ሾፌሩን ጠርቶ ሆስፒታል እንዲያደርሰኝ አዘዘ።

ጆንያው ላይ ሲያስተኙኝ እጇን ያዝኳት። «ስምዎት ማነው?»

«አሁን አትጠይቀኝ» አለችኝ ጆሮዬ ሥር። «የማታውቀውን አያወጣጡህም።»

ሐኪሞች እግሬን አተረፉልኝ፤ ሲገጥም ግን አጠረ፣ ጠመመም። የዝዋዩን ውድድር ጓደኞቼ ሄደው ሲመለሱ እኔ በክራንች ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ተወዳድሬ አላውቅም። ከዚህ ሁሉ ግን የከበደኝ ሌላ ነው። የሆስፒታሉ ነርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማነው እንዲህ ያደረገህ?» አለችኝ። ከብስክሌት መውደቄን ስነግራት «ልክ ነህ፣ ለሰው እንደዚያ በል» ብላ ትራሴን አስተካከለችልኝ። እናቴ ጎረቤት እስኪሄድላት ጠብቃ በሩን ዘጋችና «ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገረኝ» አለች። ማልኩላት። ጭንቅላቴን እየዳበሰች «እሺ» አለች እንጂ እስክትሞት ድረስ አላመነችኝም።

ክራንቹን በከዘራ ስቀይር ሴትዮዋን ፍለጋ ወደ ካራ መመላለስ ጀመርኩ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶችን እያስቆምኩ «ሰው ተሸክማ ያወረደች ሴት ታውቃላችሁ?» እላለሁ። የሚሰጡኝ መልስ አንድ ነበር፦ «አናውቅም።» አንዷ ቆፍጠን ብላ «አንተ ማን ላከህ?» እስክትለኝ ድረስ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ስሙን የማያውቀውን ሰው የሚፈልግ እንግዳ፣ በዚያ ዘመን፣ ሌላ ምን ይመስላል? ስለዚህ መጠየቁን ተውኩ። እሑድ እሑድ ኬላው አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ቁምጣ ለብሼ፣ የጠመመ እግሬን ዘርግቼ ዝም ብዬ እቀመጥ ጀመር።

አንድ ቀን ከኋላዬ «ፀሐይ ያጠቁርሃል» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሸክሟን አውርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። እግሬን አየችውና ራሷን ነቀነቀች።

«ዳንክ?»

«ዳንኩ። እርስዎ ለምን አመኑኝ?» አልኳት፣ ለወራት ያብሰለሰልኩትን።

ትንሽ አሰበች። «መጀመሪያስ ለእንጨቴ ነው የመጣሁት፤ አልዋሽህም። በኋላ ሳስበው ግን ሊዋሽ የፈለገ ሰው ከብስክሌት የተሻለ ውሸት አያጣም አልኩ።»

ስሟን የነገረችኝ ያን ቀን ነው። ዘነበች ትባላለች። እኔም እስከ ዕለተ ሞቷ እትዬ ዘነበች ስላት ኖርኩ፤ ልጆቼም እንዲሁ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ያለፉኝን ሰዎች ተቀይሜ አላውቅም። ያን እሑድ ጠዋት ዳገቱን ስወጣ ከጫካው ውስጥ የሚያቃስት ሰው ሰምቼ ቢሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። እረግጥ ነበር። መሪዬን ሳልለቅ፣ ዞር ሳልል፣ የበለጠ እረግጥ ነበር። ሽማግሌው ቆሎ ጣሉልኝ፤ እኔ ያንን እንኳ አላደርግም ነበር። ፍርሃት ሰውን ክፉ አያደርገውም፤ ደግነቱን አስሮ ያስቀምጥበታል። የሚፈታው ደግሞ ጀግና ይመስለኝ ነበር። እትዬ ዘነበች ግን ጀግና አልነበረችም፤ ልቧ እየመታ፣ እየተቆጣች፣ ስለ እንጨቷ እያሰበች ነው የመጣችው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማ ውስጥ የብስክሌት ውድድር ሲደረግ ይዣት ሄድኩ፤ እኔ ያን ጊዜ ውድድር ከሚያስተናብሩት አንዱ ሆኜ ነበር። መንገዱ ዳርና ዳር በገመድ ተከልሎ ሕዝቡ ከገመዱ ወዲህ ቆሟል፤ ዱላ የያዙ አስከባሪዎች ማንም እንዳያልፍ ይጠብቃሉ። እትዬ ዘነበች ተወዳዳሪዎቹ እየዞሩ ሲመለሱ አይታ «እዚሁ ለመምጣት ነው ይሄን ሁሉ የሚለፉት?» ብላ በአካባቢው የቆመውን ሰው ሁሉ አሳቀች።

ወዲያው መታጠፊያው ላይ አንዱ ልጅ ተንሸራተተና አስፋልቱ ላይ ተፈጠፈጠ። ሕዝቡ «እህ!» አለና ባለበት ደረቀ። ልጁ አይነሳም። ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል፤ አስከባሪዎቹን ያያል። እኔም የቆምኩት እዚያው ነው።

ገመዱ ከአጠገቤ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። እትዬ ዘነበች ጎንበስ ብላ አልፋለች። «ተመለሺ! ሴትዮ፣ ተመለሺ!» እያለ አንዱ ዱላውን ሲያነሳ ዞር ብላም አላየችው። ልጁ ጋ ደርሳ ተንበረከከች፤ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ቀና ብላ ያንን ሁሉ ሕዝብ አየችው።

«ምን ታያላችሁ?» አለች። «ኑ እንጂ!»

መጀመሪያ አንድ ጎልማሳ በገመዱ ሥር አለፈ። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች። እኔም ከዘራዬን ጥዬ እያነከስኩ ተከተልኩ። ከዚያ በኋላ ገመዱ የት እንደገባ አላውቅም።